ውሃ ያልነካው ብሩሽ

መስከረም 14

ለጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን ልጠይቅ። ጉልበትዎ ተሻለዎት? እትዬስ እንዴት ሰነበቱ? ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት ሰባቱም፣ ቃጫ የሚያመጣልዎ ጭምቱም፣ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ገና አልጀመረም፤ ሲጀምር ግን አያድርስ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። እንደሚያውቁት የምሠራው ለሆቴልና ለሆስፒታል የጽዳት ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት፣ ግዢ ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ ጠራኝና የወለል ብሩሽ የሚሠሩ ሦስት አዳዲስ ስሞች አምጪ አለኝ። እስካሁን የምንገዛው ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ዋጋ እየጨመሩ ዕቃ ማዘግየት ጀምረዋል። ሁለቱን ስሞች ከማውጫ ላይ አገኘሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የእርስዎን ጻፍኩ። ኃላፊው አይቶ «ፎርሙን ላኪላቸው» ብቻ አለኝ።

ፎርሙ ይኸው፣ አሥራ አንድ ገጽ ነው። እንዳይደነግጡ፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን በቋንቋችን በእርሳስ ጽፌልዎታለሁ። ያልገባዎትን ይጠይቁኝ። ከፎርሙ ጋር አንድ ብሩሽ ለናሙና ይላኩ፤ ትልቁን፣ ባለ ሰባ ሁለት ቀዳዳውን። ጋሼ፣ ቢሳካ እኮ በዓመት ብዙ ሺህ ብሩሽ ነው። ይህን ስጽፍልዎ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግርዎ አያምኑኝም።

እትዬን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 20

ለጥያቄ፣

ይኸው እኔ ዛሬም የምጠራሽ ባወጣሁልሽ ስም ነው። እንደምን ከረምሽ? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያቃስታል፣ ሲወርድ ዝም ይላል፤ ምን እንደፈለገ አላወቅሁም። አክስትሽ ትስምሻለች፤ ስልክ ደውል እያለች ትነተርከኛለች። እኔ ግን ስልክ አይሆንልኝም። የተባለውን መልሼ ካላነበብኩት አይገባኝም።

ያንቺን ወረቀት ደግሞ መልሼ መልሼ አንብቤውም አልገባኝ። ልጅ ሆነሽ እንጨት ቁልሉ ላይ ተቀምጠሽ «ለምን? ለምን?» ስትይኝ ጥያቄ ብዬ የሰየምኩሽ እኔ ነኝ፣ ቅጣቴን አገኘሁ። አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ! አራተኛው ገጽ ላይ «የሥራ ቦታዎ በእሳት ቢወድም በስንት ቀን ወደ ሥራ ይመለሳሉ?» ይላል። ምን አድርጌያቸው ነው? አክስትሽ ከጓዳ ሰምታ «አያድርስ በል» አለችኝ። እኔም መልሱ ላይ «አያድርስ» ብዬ ጻፍኩ።

«በድርጅታችን ውስጥ ዘመድ አለዎት?» የሚለው ላይ እውነቱን ጽፌያለሁ፤ አለኝ፣ የእህቴ ልጅ ናት፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ነን ያሳደግናት፣ ጠባይዋም ጥሩ ነው ብያለሁ። የተተወው ቦታ ጠባብ ስለነበር ጠርዙን ዞሬ ነው የጨረስኩት። ይኼ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ንገሪኝ።

ባዶ የተውኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። «ለእያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ ዋና አቅራቢዎንና ሁለተኛ አቅራቢዎን ይጥቀሱ» ይላል። እንጨቱንና ሽቦውን ከሁለት ሱቅ ነው የምገዛው፣ ጻፍኩ። ቃጫው ላይ ግን ምን ልበል? ቃጫ የሚያመጣልኝ ጭምቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ያበጠረውን ይዞ ይመጣል፣ ጥግ ላይ ያወርዳል፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል፣ ይሄዳል። መዝኜበት አላውቅም። ቤቴ ውስጥ ሚዛንም የለም። ዝናብ የመታው ከሆነ ራሱ «ይኼን አትውሰድ» ብሎ ይመልሰዋል። ታዲያ ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል? ባለትዳሩን ሰውዬ ተጠባባቂ ሚስትህ ማን ናት ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ምን ብዬ እንደምሞላው ንገሪኝ።

ብሩሹን ልኬልሻለሁ። በጭምቱ ቃጫ፣ በራሴ እጅ የሠራሁት ነው። ጫፉ ላይ የምታውቂያት ምልክታችን አለች።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልዝጋ። ብዙውን ብሩሽ የሚገዛን የከተማችን ሆስፒታል ከእኛ መግዛት ትቶ ወደ ፕላስቲክ ዞሯል። አክስትሽ አታውቅም። ሥራ ካልመጣ እስከ ሰኔ የኋለኛውን ክፍል እዘጋለሁ፤ እዚያ የሚሠሩት አራት ናቸው። ስለዚህ ይኼ ያንቺ ወረቀት ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 18

ለውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነበር፤ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስለ ሆስፒታሉ የጻፉት ጋ ስደርስ ግን ሳቄን አቁሜ እንደገና አነበብኩት። አይዞዎት። ለእትዬ አልናገርም።

ስለ ዘመድ የጻፉት ምንም አላስቸገረም። እኔ ፈርቼ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር እዚህ በጣም ይጠነቀቁበታል ሲሉ ስለሰማሁ። ኃላፊው ግን ጠርዙን ዞሮ የሄደውን ጽሑፍዎን አስተርጉሞኝ ሳቀና አሳለፈው። እንዲህ ይቀላል ብዬ አልጠበቅሁም።

ስለ ሁለተኛው አቅራቢ አይጨነቁ። ያንን ገጽ መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ያገኙትን አንድ ስም ይጻፉበት፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው፤ መጥቶ የሚያይ ሰው የለም። ደግሞ ቃጫው የሚቀመጥበትን ቦታ ፎቶ አንስተው ይላኩ። ከየትኛው አቅራቢ እንደመጣ የሚያሳይ ጽሑፍ ከላይ ይለጠፍበት። እንዲህ ያለው ነገር እዚህ ትልቅ ነጥብ አለው።

ብሩሹ ደርሷል። የቢሮው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ አየው። ኃላፊው አውራ ጣቱን በብሩሹ ጸጉር ላይ አሳለፈና የራሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እስካሁንም እዚያው ነው። ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ፤ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል።

ሰላም ይሁኑልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 22

ለጥያቄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን፤ አክስትሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል።

«ያገኙትን ስም ይጻፉ» ያልሽውን አንብቤ ሁለት ቀን ተብሰለሰልኩ። ያልሸጠልኝን ሰው ሸጠልኝ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ፊርማዬ እኮ ከታች አለ። ስለዚህ እውነት እንዲሆን አደረግሁት። ከገበያው በስተጀርባ በጋሪ ቃጫ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ አለች፣ ባለጋሪዋ ይሏታል። ሄጄ አንድ እስር ገዛኋትና ለወረቀት ስምሽን ልጻፈው ወይ አልኳት። ደስ አላት፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ። ሁለተኛውን እስር መቼ ላምጣ ስትለኝ ግን ምን እንደምላት ግራ ገባኝ። እንጠራሻለን አልኳት። ማን እና ማን ሆነን እንደምንጠራት አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ፎቶውንም አስነስቻለሁ። በጥሩ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ከጭምቱ ጥግ በላይ «አቅራቢ ቁጥር አንድ» ብዬ ሰቀልኩ። የባለጋሪዋን እስር ከመሰርሰሪያው ጀርባ አድርጌ «አቅራቢ ቁጥር ሁለት» አልኩት። ወርክሾፑ ባንክ ቤት መሰለ። ልጃገረዶቹ የእኛስ ቁጥር ስንት ነው እያሉ ቀለዱብኝ።

እንግዲህ የጠየቃችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። አንድ አዲስ መሰርሰሪያም ጨምሬአለሁ፤ ትእዛዙ በድንገት ቢመጣ እንዳልቸገር ብዬ ነው። መቼ እንደሚመጣ ብቻ ንገሪኝ። ከኋለኛው ክፍል አራቱ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቴን ነው።

ሰላም ዋይ።

አጎትሽ

*

ጥር 19

ለጥያቄ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ መጻፌ ነው። ደኅና ነሽ? እኛ ደኅና ነን ልበል፣ ግን ደኅና አይደለንም።

ጭምቱ ሄደ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና፣ አንቺ የተማርሽው፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አስረጂኝ። ሐሙስ እንደ ልማዱ መጣ። ቃጫውን ጥግ ላይ አወረደ። ቀና ሲል ካርቶኑን አየ። ቀስ እያለ ነው የሚያነበው፤ ቆሞ አነበበው። «አንድ?» አለኝ። አዎ፣ አንደኛው አንተ ነህ አልኩት፣ ኮራ ብዬ። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዞር ዞር ብሎ ክፍሉን ማየት ጀመረ። የባለጋሪዋ እስር ከመሰርሰሪያው ጀርባ ስለነበር አላየውም። «ሁለቱስ?» አለኝ። ቃጫውን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ሻዩ በርጩማው ላይ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።

ምኑ ነው ያስቀየመው? አንደኛ ነው ያልኩት! ሁለተኛ ብለው ኖሮ ይገባኝ ነበር። አክስትሽን ብጠይቃት «አንተ ሰው፣ አይገባህም?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እሷም አላስረዳችኝም።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ቃጫ ለአሥር ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ከባለጋሪዋ ግዛ ትይኝ ይሆናል። ብገዛ የጠረጠረው ነገር እውነት ይሆናል፤ ባልገዛ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እንዲያው በሞቴ፣ ያንን ጥያቄ ከወረቀቱ ላይ ማንሳት አይቻልም? ለአለቃሽ ሽማግሌው እንዲህ ሆኖበታል ብለሽ ንገሪው። ሰው አይደለም እንዴ?

አጎትሽ

*

ጥር 25

ለውድ ጋሼ፣

እንኳን ደስ አለዎት! ጉንፋኑ እትዬን ስለለቀቃቸው ደስ ብሎኛል። ፎርምዎም ፎቶዎም ደርሶ ወርክሾፑ በአቅራቢነት ተመዝግቧል። ኃላፊው በተለይ ካርቶኖቹን ወደዳቸው፤ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት የሚሉትን። ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው አለ። ፎቶውን ለሌሎች ክፍሎችም አሳይቷል።

ትእዛዙ እንግዲህ በቅርቡ ነው። እዚህ ነገር ቀስ ይላል፤ በቅርቡ ሲሉ መቼ ማለታቸው እንደሆነ እኔም ሁልጊዜ አይገባኝም። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ዋጋዎን እንደገና ጽፈው ይላኩልኝ፣ ከቻሉ ከመጀመሪያው ዝቅ አድርገው። ብዙም አይሁን፣ ትንሽ። ኃላፊው ለሆነ ስብሰባ ይፈልገዋል።

ብሩሹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ሥራ በዝቶብኛል። ጭምቱን ሰላም ይበሉልኝ። ሻዩን ዛሬም በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጠጣው?

የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 28

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእኔ የጥር ደብዳቤ ሳይደርስሽ የጻፍሽው እንደሆነ ቀኑን አይቼ ገባኝ። ሆኖም ጭምቱን ሰላም በለው የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ጽፌልሻለሁ፣ ከዚህ ጋር አለ። ከዚህ በታች ከወረድኩ ብሩሹን ሳይሆን ራሴን ነው የምሸጠው።

ጭምቱ ቤት ሄጄ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቃጫ ያበጥራል። ሰላም አለኝ፣ ተቀመጥም አለኝ። ስለ ፎርሙ አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት እንደሚጠይቅ፣ ለወረቀት ብቻ እንደሆነ፣ እሱን የሚተካ እንደሌለ። ስናገር ለራሴም ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ መሰለኝ። እሱ ማበጠሩን ሳያቆም አዳመጠኝ። ስጨርስ «ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር አልነበረኝም» አለኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፤ ሲመሽብኝ ተነሣሁ።

ካርቶኖቹን አውርጃለሁ። ጥጉ ግን ባዶ ነው፤ ልጆቹም ቃጫ እየጠበቁ እንጨት ብቻ ይሰረስራሉ።

ባለጋሪዋ ደግሞ በየሳምንቱ በር ላይ ትቆማለች። ለእኔ ብላ ከእህቷ ጋር ሆና ቃጫ እያዘጋጀች ኖሯል፣ አልነገረችኝም። ባለፈው ማክሰኞ ቆማ ስትጠይቀኝ «በቅርቡ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የት እንደሰማሁት አስታወስኩ። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። እንጠራሻለን ያልኳትንም አስታወስኩ። እሷን ያየኋት መሰለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

ልጄ፣ በእርሳስ ጻፍሽልኝ፣ ሞላሁ። ፎቶ አንሣ አልሽኝ፣ አነሣሁ። አሁን እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። መልሱ አንድ ቦታ ተጽፎ መኖር አለበት። እናንተ ዘንድ የእኔ ቁጥር ስንት ነው?

አጎትሽ

*

ሚያዝያ 30

ለጋሼ፣

ጤናዎን እንኳ ለመጠየቅ አፍሬያለሁ። የየካቲት ደብዳቤዎ እጄ ከገባ ከወር በላይ ሆኖታል። አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ቁጥርዎ ሁለት ነው።

እንዴት እንዳወቅሁት ልንገርዎት። ታኅሣሥ ላይ የኃላፊውን ሰንጠረዥ አየሁ። አቅራቢዎቹ በተርታ ተጽፈው፣ ከእያንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደምንገዛ ጎኑ ተሞልቷል፤ አንደኛ ከተጻፈው ከትልቁ ፋብሪካ ጎን መቶ፣ ሁለተኛ ከተጻፉት ከእርስዎ ጎን ዜሮ ይላል። ስሕተት መስሎኝ ሄጄ ነገርኩት። ከእነዚህ ሰዎች የምንገዛው መቼ ነው አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። «እየሠሩልን ነው እኮ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳስብ ዋልኩ።

በኋላ ገባኝ። የፋብሪካው ሰዎች ለስብሰባ ሲመጡ የእርስዎን ብሩሽ ከጠረጴዛው አንሥቶ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። ከጎኑ ዋጋዎን ያደርጋል። ብዙም አይናገር። ሰዎቹ ብሩሹን ያገላብጡታል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ ዋጋቸውን ይቀንሳሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ብሩሹ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ሻይ ይዤ ስገባና ስወጣ አይቻለሁ። ዘመድ መሆናችን ማንንም ያላሳሰበው ለዚህ ነበር፤ ከማይገዙት ሰው ጋር ብዛመድ ባልዛመድ ምን ያገባቸዋል? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጥር ላይ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ ውሸት ነው። ሁሉን አውቄ ነው የጻፍኩት። ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ደግሞም ሰኔን እያሰብኩ ፈርቼ ነበር። የጭምቱ ነገር የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ያገኙትን ስም ይጻፉ» ያልኩዎት እኔ ነኝ። ለእኔ ባዶ ቦታ መሙያ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ከፋብሪካው ጋር የሦስት ዓመት ውል ሊፈራረሙ ቀጠሮ ነበራቸው። ጠዋት ቀድሜ ገባሁና ብሩሹን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አልገባ ብሎ ካፖርቴ ሥር ይዤው ወጣሁ። ሲፈልጉት ዋሉ። እኔ ነኝ የወሰድኩት አልኩ። ኃላፊው ከመቆጣት ይልቅ ግራ ገባው፤ ብሩሽ ለምን አስፈለገሽ አለኝ። የአጎቴ ነው አልኩት። ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ውሉን ግን ያለ ብሩሹም ተፈራረሙ። ምን እንዳተረፍኩ እኔም አላውቅም።

ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ወደ ስድስት ወር እዚህ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ወለል አልነካም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረት የለኝም።

የእህትዎ ልጅ

*

ሰኔ 20

ለጥያቄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በዚያ ማስጠንቀቂያ ምክንያት ክፉ አልደረሰብሽም? መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ።

ብሩሹ ደርሷል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም፤ በተለይ በጥር ደብዳቤሽ። ነገር ግን አንቺ እኔ ላይ ያደረግሽውን እኔ ባለጋሪዋ ላይ አድርጌዋለሁ፣ አለቃሽ ያደረገውን ደግሞ ሳላውቅ ጭምቱ ላይ። ቅያሜዬን ይዤ ወዲያ ብል ወዲህ ብል የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁለት። ለአክስትሽ ሁሉንም ነገርኳት፣ የሆስፒታሉንም ጭምር። የሆስፒታሉን ከመስከረም ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። በዚህ ቤት የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ባለጋሪዋን ጠርቼ እውነቱን ነገርኳት። ለወረቀት ነበር አልኳት። ስድቧን ጠጣሁ፤ መብቷ ነው። ያዘጋጀችውን ሦስት እስር ገዛኋትና ተለያየን። የኋለኛውን ክፍል ዘግቻለሁ። ከአራቱ ሁለቱን ወደ ፊተኛው አዛወርኩ፣ ሁለቱ ሄዱ። ትንሿ ስትወጣ መሰርሰሪያውን በጨርቅ ሸፍናልኝ ነው የወጣችው፤ አንጀቴን በላችው።

ብሩሹን ምን ላድርገው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስይዘው ስጥለው ዋልኩ። እንዳልሸጠው ሸምግሏል፣ እንዳልሰቅለው ማየት አልፈልግም። አክስትሽ ከእጄ ነጠቀችኝና በባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራው ከበሩ እስከ ጓዳው ድረስ ወለሉን አጠበችበት። ከዚያ መስኮቱ ላይ አሰጣችው። ከእንግዲህ ናሙና አይሆንም አለችኝ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ጭምቱ መጣ። ቃጫውን ተሸክሟል፣ በሌላው እጁ ደግሞ አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ይዟል። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም። ወደ ጥጉ አልሄደም፤ በር ላይ ቆመ። «መዝን» አለኝ። በእኛ መካከል ይኼ የለም ልለው ፈልጌ ነበር። መዘንን። ሚዛኑን የያዘው እሱ ነው፣ ቁጥሩን ያነበብኩት እኔ። ዓይናችንን ከመርፌው ላይ አላነሣንም። ሃያ ሁለት ዓመት ስንት ኪሎ ሲያመጣልኝ እንደኖረ ያን ቀን አወቅሁ። ሁልጊዜ ከማስበው በላይ ነበር።

ሊወጣ ሲል መስኮቱ ላይ ያለውን ብሩሽ አየው። አንሥቶ ገለበጠው። ጸጉሩን በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው።

«ይኼ የእኔ ቃጫ ነው» አለ።

አዎ አልኩት።

የት ሄዶ ነበር አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ባሕር ማዶ ሄዶ ተመለሰ አልኩት። እርጥቡን ብሩሽ እንደያዘ በርጩማውን በእግሩ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። አክስትሽ ሻይ ቀዳችለት። ስኳሩ ሦስት ማንኪያ ነው፣ ጠይቀሽኝ ነበር።

ሚዛኑን ግን ጥጉ ላይ ሰቅሎት ነው የሄደው።

አጎትሽ